ሁለት ሲኒ በረካ
ደሴ፣ በጓሮ አትክልት ወዳጆች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

የሀረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ከኩታበርና ከጢጣ በጠዋት የተነሳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዱአውም ምርቃቱም ደርሶናል። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ ሁለት ወረቀት ላይ እጅ እናወጣለን። አንደኛው ደንብ ነው። በእሁድ ቡናችን ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ፖለቲካ ማውራት ይከለከል ይላል። ሁለተኛው የግቢያችን አዲስ ፕላን ነው። የድሮዎቹ መደቦች ይፈርሳሉ፣ እርከን ይሠራል፣ የቡናው ቦታም ከወይራው ሥር ተነስቶ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል።

እኔ የመጀመሪያውን ወረቀት እቃወማለሁ። ሁለተኛውን አብዛኛውን እደግፋለሁ፤ የቡናውን ነገር ግን አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ሁለቱም ወረቀቶች የተወለዱት በአንድ እሁድ ነው። ታስታውሱታላችሁ። የካቲት ሊያልቅ ነበር። በልጉ ገና አልገባም። ሰማዩ ከጦሳ ተራራ እስከ አዝዋ ገደል አንድ ደመና አልነበረበትም። የቆስጣው መደብ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባ ነበር። እኛ አጠገቡ ቡና ላይ ተቀምጠን እናየዋለን።

አንድ አባታችን መደቡን እያዩ "ይሄ የእኛው ሥራ ነው፤ ፈጣሪን አስቀይመን ነው" አሉ። አንዱ ልጃችን ቀበል አድርጎ "አባባ፣ ይሄ የሀብታም አገሮች ጭስ ነው" አለ። ሌላ ሰው ገባ። "ጭሱን ተዉት፤ ደኑን ማን ጨረሰው? ማንስ አስጨረሰው?" አለ። ከዚያ ወደ መንግሥት ሄድን። ከመንግሥት ወደ ጦርነቱ ሄድን። ድምፅ ከፍ አለ። አንዱ የሌላውን ቤተሰብ አነሳ።

ቡና የምታፈላው እህታችን "ኧረ በረካው ይድረስ፣ ኧረ ተቀመጡ" እያለች ትለምን ነበር። አባታችንም ልጃችንም ተነስተው ሄዱ። አንዱ በላይኛው በር፣ አንዱ በታችኛው በር ወጣ። ሁለት ሲኒ በረካ ሞልተው ረከቦቱ ላይ ቀሩ። ያን ቀን ሲኒ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ሲኒዎች ስደፋ እጄ ላይ የነበረው ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ወሎ ውስጥ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ደንቡን ያረቀቁትን አልወቅስም። ሰላም ፈልገው ነው። እኔም እፈልጋለሁ። ግን ዝም በማለት የሚመጣው ሰላም ለእኛ ሥራ አይሆንም።

እስቲ አስቡት። ስለ አየር ንብረት አታውሩ ከተባልን ምን ልናወራ ነው? እዚህ የተሰበሰብነው ዘር የምንዘራ፣ ችግኝ የምናፈላ ሰዎች ነን። ቡና ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ "ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው?" ነው። የእኛ በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። ደጋው ላይ በበልግ ገብስ የሚያድር ገበሬ አለ። በልጉ ሲቀር ለእኛ ቆስጣ ይደርቅብናል። ለእነሱ ግን ዓመቱ ይጨልማል። ለእኛ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሆነው ነገር ለዘመዶቻችን እንጀራ ነው። ይሄን ሳናነሳ ስለ ጽጌረዳ ቀለም ብቻ ስናወራ እንዋል ማለት ይከብደኛል።

አብዛኞቻችሁ ወይራው አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታውቁታላችሁ። ዝናብ መለኪያዬ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ዝናብ ይለካል። ዘንቦ ሲያድር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማስመሪያ አስገብቼ አነባለሁ። ውሃው 10 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዘንቧል ማለት ነው። ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ እደፋዋለሁ። ከ2011 ጀምሮ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከተቋረጠው በስተቀር፣ እንዲሁ ነው የማደርገው።

ይሄ ደብተር ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ትዕግሥት ነው። የጥቂት ዓመት ደብተር አየር ንብረት አይባልም። የሜትሮሎጂ ሰዎች "መደበኛ" ለማለት የ30 ዓመት መዝገብ ነው የሚይዙት። የዛሬው ዝናብ የአየር ጠባይ ነው። የ30 ዓመቱ ነው አየር ንብረት። ስለዚህ አንድ በልግ ቀረ ብሎ "አለቀልን" ማለትም፣ አንድ ክረምት ጥሩ ዘነበ ብሎ "ለውጥ የሚባል ነገር የለም" ማለትም ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ያን እሁድ የተናገሩት ሰዎች ግን ሁሉም የሆነ እውነት ይዘው ነበር።

"ድርቅ ድሮም ነበር" ያሉ አሉ። ነበር። ከእኛ እጅግ ርቆ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት ነገር ሲመጣ፣ የእኛ አካባቢ ክረምት ይደክማል። ይህ የተፈጥሮ ዑደት ነው፤ ሰው አልፈጠረውም። የ2007 ክረምት እንዲህ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በአገር ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ።

ልጃችን ደግሞ ጭሱ አለ። እሱም ልክ ነው። ፋብሪካ ዓለምን ከማዳረሱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሐዋይ ተራራ ላይ ይለካል። አሁን ከ420 በላይ ነው። ይህ ጋዝ ሙቀት ይይዛል። ዓለም ከዚያ ከድሮው ዘመን ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ከዚህ ሁሉ ጭስ የኢትዮጵያ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ልጃችን ይሄን ሲናገር የተናደደው በከንቱ አይደለም።

1 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግን ታውቁታላችሁ። ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ ተሳፍራችሁ፣ ሀረጎን ስትጨርሱ መስኮት ትከፍታላችሁ። የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ይበልጣል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይለያያል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል አለ። ሒሳቡን ገልብጡት። 1 ዲግሪ ማለት 150 ሜትር ቁልቁል መውረድ ነው። ጓሮአችሁን ከነአጥሩ ሰው አንስቶ ወደ ኮምቦልቻ 150 ሜትር ዝቅ እንዳደረገው አስቡት። ተክል ይሄን ያውቃል። ብርድ የሚፈልገው ፖም ያውቃል። ተባዩም ያውቃል።

አባታችን ያሉትስ? "የእኛው ሥራ ነው" ነው ያሉት። እኔ ያን ንግግር ደግሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሃይማኖታቸውን የምመዝን ሰው አይደለሁም። ግን "እኛ ነን" ያለ ሰው ኃላፊነት የወሰደ ሰው ነው። ዛፍ የቆረጠ፣ ተዳፋት ያረሰ፣ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ የጣለ እኛው ነን። ደሴ ላይ ቦርከና ውስጥ የገባው ነገር ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ ጨፋ ሜዳ ይደርሳል። እዚያ ከብት ይጠጣዋል። አባታችንና ልጃችን ያን ቀን ትንሽ ታግሠው ቢቀጥሉ ኖሮ የሚገናኙ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። ከባዱ ይሄ ነው።

እዚህ ክፍል ውስጥ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ክፉ ቀንን በዓይናችን ያየን ወይም ካዩት አፍ የሰማን ነን። የ66ቱን። የ77ቱን። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ ዝናብ ሲቀር ነው። ረሃብ ግን ዝናቡ መቅረቱ ሳይነገር ሲቀር፣ የተነገረውም ሳይሰማ ሲቀር ነው። በ1965 ወሎ ሲራብ ነገሩ ተሸፍኖ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያዩትን ፎቶ አንስተው ለሰው ማሳየት ነበረባቸው። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር፣ ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው በኮረም ሰው ይረግፍ ነበር። ያኔም ብዙ አፍ ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ በሌላ ቦታ "ፖለቲካ አታውሩ" ቢባል ሊገባኝ ይችላል። ወሎ ውስጥ፣ ስለ ዝናብ በሚሰበሰቡ ሰዎች መካከል፣ ይሄን ደንብ መጻፍ ግን አልችልም። የዘር ዋጋ ፖለቲካ ነው። ተራራው ላይ ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ ወይራና ጥድ የሚለው ፖለቲካ ነው። ለችግኝ የሚሆን ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል የሚለውም ነው። የተተከለው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ ብሎ መጠየቅም ነው። እነዚህን ካላነሳን አትክልተኛ መሆናችን ምኑ ላይ ነው?

እንዲከለከል የምፈልገው ነገር ግን አለ። ያን እሁድ ያጠፋን እሱ ነው። የሰው ብሔር፣ የሰው ሃይማኖት፣ የሰው ሟች በክርክር አይነሳ። ሦስቱ ብቻ። ይሄን ደንብ ካመጣችሁ ሁለት እጄን አወጣለሁ። አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ አበጋሮቻችን፣ የባሰ ነገር፣ ደም የፈሰሰበትን ነገር ሲያስታርቁ ኖረዋል። ዱአ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ዝም በሉ ተብሎ የታረቀ ሰው አላየሁም።

ስለ ጦርነቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሁለቱንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

በጥቅምት 2014 ከተማው ሲጨነቅ አብዛኞቻችን ወጣን። ልጃችንም ወጣ። ሲወጣ ሁለት የፖም ችግኝ በላስቲክ እንዳሉ እዚህ ትቶ ነው የሄደው። ከብዙ ልፋት በኋላ ያዳቀላቸው ናቸው። አባታችን አልወጡም። "በዚህ ዕድሜ የት እሄዳለሁ" ብለው ቀሩ። ያን ሰሞን ቧንቧ አልነበረም። መብራት አልነበረም። አባታችን ከሚጠጡት ውሃ በጣሳ እየቀነሱ፣ ሲመሽ አጥር ለአጥር እየመጡ፣ ሁለቱን ችግኞች ያጠጡ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ተመልሰን ግቢውን ስንከፍት መደቦቹ ሁሉ ደርቀው ነበር። ሁለቱ ላስቲኮች ብቻ አፈራቸው እርጥብ ነበር። ልጃችን ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ነካው። ምንም አላለም። ዛሬ እነዚያ ችግኞች ከእኔ ቁመት ይበልጣሉ።

የካቲት ላይ በረካ ሳይጠጡ የተለያዩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። በአየር ንብረት ክርክር ብቻ ተለያዩ ብዬ አላምንም። የተለያዩት ያልተነገረ ነገር ተከማችቶ ነው። እና አሁን ደንብ አውጥተን ሌላ የማይነገር ነገር ልንጨምርበት ነው?

ወደ ግቢው ፕላን ልሻገር።

ፕላኑን የሠራችው እህታችን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሜትር ይዛ ግቢውን ለክታለች። ጎንበስ ብላ ተዳፋቱን በገመድና በውሃ ልክ ስትለካ አይቻታለሁ። እጇ ይባረክ። እርከኑ ያስፈልገናል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል። ስለዚህ ዝናቡ ሲቀር ይቀራል፣ ሲመጣ ደግሞ ባንዴ ሊወርድ ይችላል። የአሁኑ መደቦቻችን ቁልቁል የተሠሩ ናቸው። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ፍጉንም አፈሩንም ጠርጎ አስፋልት ላይ ያወጣዋል። አምና አይተነዋል።

አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ደሴ የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት። አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። የከበደ አፈር በተዳፋት ላይ ይሄዳል። እርከን ውሃ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ከኛ በታች ላሉት ጎረቤቶች አደጋ ነው። ስለዚህ ከእርከኑ በላይ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። በጎን በኩል ወርዶ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ይግባ። ድንጋይ ይነጠፍበት። ይሄን ከእህታችን ጋር ተነጋግረናል፤ ተስማምታለች።

ደግሞ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ አስቡት። 40 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ጣሪያው ላይ 400 ሊትር ይወርዳል። ሁለት በርሜል ሙሉ ማለት ነው። የሚረጨውንና የሚተነውን ቀንሱ፤ ቢሆንም ብዙ ነው። እስከ ዛሬ መሬት ላይ ነበር የምናፈሰው። አሸንዳ እንግጠም፣ አንድ ሮቶ እንግዛ። መዋጮው ይከብዳል የምትሉ ካላችሁ ለሁለት ዓመት ይከፈል። ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ጀሪካን ይዘን ከምንሰለፍ ይሻላል።

ቀሪው የቡናው ቦታ ነው።

እህታችን ቡናውን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያደረገችው በምክንያት ነው። ወንበር ችግኝ ይረግጣል። ጭቅጭቁ ሥራ ያስፈታል። ሁለቱም እውነት ነው። ግን እኔ ያን እሁድ ደግሜ አሰብኩት። ክርክሩ እንዴት ጀመረ? መደቡን አይተን ነው። ከፊታችን የተሰነጠቀ መሬት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ንግግሮች ሁሉ ስለዚያ መሬት ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው ዓይናችንን ከመደቡ አንስተን አንዱ ሌላውን ማየት ሲጀምር ነው።

ቡናውን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ብንወስደው ፊታችን ያለው ግንብ ነው። ቆስጣ የለም፣ ጎመን የለም፣ ቆርቆሮው የለም። እዚያ የሚወራው ስለ ሰው ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው የምቃወመው። ቡናው ወይራው ሥር ይቆይ። መደቦቹ ዙሪያቸውን በድንጋይ ይታጠሩ፤ ወንበር አያልፍም። ጀበናው ከሚፈላበት ሆኖ ሰው ቀና ሲል አፈሩን ይይ።

ሌላም እጨምራለሁ። ወይራው ላይ አንድ ምስማር አለ። ደብተሩን እዚያ እሰቅለዋለሁ። ከእንግዲህ የእኔ ብቻ አይሁን። "በልጉ ተበላሽቷል" የሚል ሰው መቼ እንደዘራና መቼ እንደበቀለ ይጻፍ። "የአምናው ይብስ ነበር" የሚልም ይጻፍ። ውርጭ ድንቹን የመታበት ጠዋት ይጻፍ። የመጀመሪያዋ የፖም አበባ የወጣችበት ቀን ይጻፍ። ኮምቦልቻ ያላችሁ እናንተም አንድ ቆርቆሮ አስቀምጡልኝ። በአንድ ቀን ላይና ታች ስንት እንደዘነበ ማየት እፈልጋለሁ። ሕፃናቶቻችን 30 ዓመት ሲሞላው ያነቡታል። ያኔ ክርክሩን በተሻለ ያካሂዱታል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

ትናንት ማታ ደህና ዝናብ ዘንቧል። ከመተኛቴ በፊት ስልኬ ጮኸ። አባታችን ናቸው። "ቆርቆሮው ስንት ይዟል?" አሉኝ። "ነገ ጠዋት ነው የማነበው" አልኳቸው። ስልኩን ሳላስቀምጥ ልጃችን ደወለ። እሱም የጠየቀኝ ይሄንኑ ነው።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አይቼዋለሁ። 9 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለታችሁም እዚህ ስላላችሁ አንዴ ነገርኳችሁ።